«ጉንፋን ነው» ብለን ያባከንናቸው አራት ቀናት

ይህን ለመጻፍ አንድ ዓመት ያህል ሳመነታ ቆይቻለሁ። እማዬ ገመናዋ በየቡናው ላይ እንዲወራ የምትወድ ሰው አይደለችም። እኔም የማፍርበት ነገር አለኝ፤ እንጀራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በረዳት ነርስነት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የሰው እናት ስታስል ትንፋሿን ሰዓት ይዤ የምቆጥር፣ የሰው አባት ምሳውን ሳይነካ ሲመልስ ለነርሷ ሮጬ የምነግር ሰው ነኝ። የገዛ እናቴ አርኤስቪ (RSV) በሚባል ሳንባን በሚያጠቃ ቫይረስ በአንድ ጣሪያ ሥር አራት ቀን ሙሉ ስትዳከም ግን አላየሁም። ልጻፈው ወይ ብዬ ስጠይቃት «ስሜን አታንሺ እንጂ ለሌላ እናት ከጠቀመ ጻፊው» አለችኝ።

እማዬ ያኔ ሰባ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከደሴ መጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። እኔ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ቀን ይሠራል፤ የሦስት ዓመቱ ልጃችን ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመለስ የምትቀበለው፣ የምታበላው፣ ተረት እየነገረች የምታስተኛው እሷ ናት። የብዙ አገሬ ሰው ቤት እንዲህ እንደሆነ አውቃለሁ። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ አልጋ ያድራሉ፣ ከአንድ ትሪ ይበላሉ።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 መጀመሪያ፣ የነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ልጁ ንፍጥ በንፍጥ ሆኖ መጣ። ትንሽ ያስለዋል፤ ትኩሳት የለውም፤ እንደ ወትሮው ይሮጣል፣ ይጮኻል። «ልጅ አይደል፣ ይይዘዋል ይለቀዋል» ብለን አለፍነው። በዚያ ምሽት ራት ላይ፣ አፍንጫውን ባበሰባት በዚያችው እጁ ሽሮ በእንጀራ ጠቅልሎ «እማማ፣ አፍሽን ክፈቺ» ብሎ አጎረሳት። እሷም «እደግልኝ» ብላ ተቀበለችው። ባለቤቴ በስልኩ ቀርጾታል። ያን ጊዜ ስንት ጊዜ እየደጋገምን ስቀንበታል፤ አሁን ግን ባየሁት ቁጥር ስልኩን ቀምቼ ጉርሻውን የማስቆም ያህል እጄ ይንቀሳቀሳል።

ለሕፃን የሦስት ቀን ንፍጥ የሆነ ነገር ለአያቱ ሳንባ ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል በሥራዬ ሰምቼ አውቃለሁ። ቤቴ ሲገባ ግን አላወቅሁትም። ቤታችሁ ውስጥ አዛውንት ካሉ፣ ልጅ ሲያስነጥስና ሲያስል ሳምንት ያህል ለብቻው ማስተኛት ጭካኔ አይደለም። አያት ትቆጣለች፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ይሁን። ጉርሻውም ይቆየን። ቫይረሱ በሳልና በማስነጠስ ብቻ ሳይሆን በእጅም ይተላለፋል፤ እንደ ጠረጴዛ፣ የበር እጀታና መጫወቻ ባሉ ጠንካራ ነገሮች ላይ ደግሞ ለብዙ ሰዓታት ይቆያል።

አምስት ቀን ያህል አለፈ። ሐሙስ ዕለት እማዬ ጉሮሮዋን ከረከራት። «ምች ነው የመታኝ፤ እንጀራ ስጋግር ላብ እያጠመቀኝ በረንዳ ወጥቼ ነበር» አለች። በመስኮቱ ሥር በአበባ ማሰሮ ከተከለችው ዳማከሴ ቀጥፋ፣ ጨምቃ በቡና ጠጣች። እኔ ደግሞ ዝንጅብልና ማር አፈላሁላት። ዳማከሴውን ለመንቀፍ አይደለም የማነሳው፤ እኔም ያደግሁበት ነው፤ ዝንጅብልና ማርም ጉሮሮ ያለሰልሳል። የጎዳን መጠጡ ሳይሆን ስሙ ነው። «ምች» ካልነው፣ «ጉንፋን» ካልነው በኋላ ጥያቄያችን ሁሉ አበቃ። ስም ያገኘ በሽታ የታወቀ ይመስላል።

ዓርብ ዕለት ሁለት ነገር አደረግሁ፤ ሁለቱም አዘናጉኝ። ሙቀቷን ለካሁ፤ 36.7 ሆነ። ቤት ውስጥ የሚሠራውን የኮቪድ ምርመራ አደረግሁላት፤ ነጻ ሆነች። «ተመስገን» ብዬ ወደ ሥራ ሄድኩ። እስቲ ቆም ብላችሁ ይህን አስቡት፤ የዕድሜ ባለጸጋ ሰው ሰውነት ከባድ የሳንባ ሕመም ይዞትም ትኩሳት ላያወጣ ይችላል። ይህን በሥራ ቦታ ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ! የኮቪድ ምርመራውም ኮቪድ አለመሆኑን ነገረኝ እንጂ ምን እንደሆነ አልነገረኝም። ክረምት ላይ ሳንባን የሚያጠቃ ቫይረስ አንድ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ ጎረቤትና ዘመድ ሰማ። የእኛ ሰው ሲታመም ሳይጠየቅ አይውልም፤ ይህ ወጋችን ነው፤ እወደዋለሁም። ስምንት ሰው መጣ። ከመካከላቸው አንዷ እትዬ ሰማንያ ዓመታቸውን ያለፉ ናቸው። እማዬ ተነሥታ በየተራ ሳመቻቸው፤ ቡና ተፈላ፣ ዕጣን ጨሰ፣ ውጭ ብርድ ነበርና መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። በዚያች ሳሎን ውስጥ የነበረውን አየር ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። እማዬ በዕጣኑ ጭስ መካከል ስታስል «ይውጣልሽ፣ ይውጣልሽ» እያልን ነበር።

ያላየሁት ትልቁ ምልክት ምግብ ነው። መጦሪያው ውስጥ አንድ አዛውንት ሁለት ጊዜ ምግብ ከመለሱ እንመዘግባለን። እማዬ ግን ጾም ላይ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አትቀምስም። ስለዚህ ቁርስ አለመብላቷ አላስገረመኝም። ከዘጠኝ በኋላም እንደማትበላ ያወቅሁት በኋላ ነው። ምግቡን ለልጁ እያጎረሰች ትጨርሰው ነበር።

እሑድ ለቅዳሴ አልተነሣችም። «ዛሬ እዚሁ ልጸልይ» አለች። እማዬን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ አምቡላንስ መጥራት ነበረበት። በበረዶ ቀን ሳይቀር በሁለት ነጠላ ተጠቅልላ የምትሄድ ሴት ናት። ምልክት ስንል ሳልንና ትኩሳትን ብቻ እንጠብቃለን፤ የአዛውንት ሕመም ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ከልማድ በመጉደል ነው። ሁልጊዜ የምትደውል አክስት ሳትደውል ስትቀር፣ ሬዲዮውን ሳይከፍት የማይነጋለት አባት ዝም ብሎ ሲተኛ፣ ከሳሉ ይልቅ ያንን ተከታተሉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። አስተርጓሚ ልጥራ ወይ ብለው ጠየቁኝ። «አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ» አልኩ። የእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። «ደረትሽን ያምሻል?» ተብላ ስትጠየቅ «ምንም የለኝም፤ ልጄ ሌሊት ስትሠራ አድራ ደክሟታል፤ አትያዙብኝ» አለች። እኔም ፈገግ ብዬ «አያማትም ትላለች» ብዬ ተረጎምኩ። ቫይረስ ነው፣ ትረፍ፣ ፈሳሽ ትጠጣ፣ ከባሰባት ተመለሱ ተብለን ወጣን። የሰጠኋቸው መረጃ ያንን መልስ ነበር የሚያሰጠው።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ተመለስኩ። እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ቀና ብላ አየችኝና በሟች እህቷ ስም ጠራችኝ። «ውኃ መጣ ወይ? ጄሪካኑን አሰልፊው እንጂ» አለችኝ።

ያኔ ነው እጄ ሥራውን ያስታወሰው። ደረቷን እያየሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ሁለት። ጤነኛ ሰው ሲያርፍ በደቂቃ ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ ጊዜ ነው የሚተነፍሰው። ከሥራ ቦርሳዬ ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ አውጥቼ ሰካሁላት፤ 86 በመቶ አለ፤ በጣም የወረደ ነው። ወደ ድንገተኛ ጥሪው ዘጠኝ አንድ አንድ ደወልኩ። መለኪያው አራቱንም ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ በሩ አጠገብ፣ ከኮቴ ሥር።

ስለዚህ መለኪያ ሁለት ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ቤት አለና። ጣት ሲቀዘቅዝ ወይም ጥፍር ቀለም ሲቀባ ይሳሳታል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ኦክስጅኑን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ስለዚህ ጉዳይ አስጠንቅቋል። እንግዲህ ለእኛ ሰው 93 ቢል «ብዙም አልወረደም» ብላችሁ እንዳትተኙ። ሰውየውን እዩት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ ካቃተው ቁጥሩ ምንም ይበል ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ደግሞም ከመታመማቸው በፊት፣ በደህናው ቀን ለክታችሁ የተለመደ ቁጥራቸውን እወቁ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አፍንጫዋን በጥጥ ነክተው ናሙና ወሰዱ። ጥቂት ሰዓት ሳይሞላ ዶክተሯ መጥታ «አርኤስቪ ነው» አለችን። «እሱ የሕፃናት በሽታ አይደለም እንዴ?» አልኩ፤ ነርሶቹ ፊት እንዲህ ማለቴ አሁንም ያሳፍረኛል። ዶክተሯ ግን አልገረማትም፤ ሁሉም ሰው እንዲሁ ይላል አለችኝ። ይህ ቫይረስ በልጅነት ይዞን የሚቀር አይደለም፤ በዕድሜያችን ደጋግሞ ይይዘናል። በጎልማሳነት ጉንፋን መስሎ ያልፋል። ሰውነት ሲያረጅ የመከላከል አቅሙ ይላላል፤ ሳንባ ወይም ልብ ቀድሞ የተጎዳ እንደሆነ ደግሞ ይብሳል። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ግምት፣ በዚህ አገር በየዓመቱ ዕድሜያቸው 65 ከሆነና ከዚያ በላይ ካሉ ሰዎች ከ60,000 እስከ 160,000 የሚሆኑት በአርኤስቪ ምክንያት ሆስፒታል ይተኛሉ፤ ከ6,000 እስከ 10,000 የሚሆኑት ይሞታሉ። ለአዛውንት ቫይረሱን ራሱን የሚገድል የተለመደ መድኃኒት የለም። ኦክስጅን ይሰጣሉ፣ ፈሳሽ ይሰጣሉ፣ ሰውነት እስኪያሸንፈው ይደግፋሉ። አንቲባዮቲክም ባክቴሪያ ካልተጨመረበት በስተቀር አይረዳም፤ ይህን የምለው አንድ ዘመዳችን ከቤቱ የተረፈ አሞክሲሲሊን ይዞ ስለመጣ ነው።

ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ በስልኬ ሳነብ የገረመኝ ነገር ነበር። ይህ ቫይረስ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 በዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት የምርምር ተቋም፣ ጉንፋን በያዛቸው ቺምፓንዚዎች ላይ ነው። በዓመቱ ደግሞ ባልቲሞር ውስጥ ከታመሙ ሕፃናት ተገኘ። የድሮው ዋልተር ሪድ እኔ እንጀራና በርበሬ ልገዛ በምመላለስበት በጆርጂያ ጎዳና ላይ ነው። በሰፈሬ የተገኘ በሽታ ነው እንግዲህ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል ቤቴ የገባው።

ወደ አስተርጓሚው ልመለስ። በሁለተኛው ቀን ዶክተሯ ጎማ ያለው ስክሪን እየገፋች አስገባች፤ አንዲት ኢትዮጵያዊት አስተርጓሚ በምስል ቀረበች። እኔ «አለሁ እኮ» ስል ዶክተሯ በትህትና «አንቺ ዛሬ ልጇ ብቻ ሁኚ» አለችኝ። ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር እሰማለሁ። እማዬ ለማታውቃት ሴት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጎኗን ውጋት ሰቅዞ እንደያዛት፣ ሌሊት ተቀምጣ እንደምታድር፣ ደረጃ ስትወጣ ሁለት ጊዜ እንደምታርፍ፣ ይህም ከታመመች ወዲህ ሳይሆን ከዓመት በፊት ጀምሮ እንደሆነ ነገረቻት። «ለልጅሽ ለምን አልነገርሻትም?» ስትባል «እሷ ለሰው እናት ስትለፋ ታድራለች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ እኔን ታስታምም?» አለች። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ከዚያ ዶክተሯ «ሲጋራ አጭሰው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች። እማዬ ሳቀች፤ ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ሆኖ ሳቀች። ይህ ጥያቄ ከዚህ በፊት በቀረቡላት ቅጾች ሁሉ ላይ ነበር፤ ሁልጊዜም እኔ «አታጨስም» ብዬ እሞላለሁ። ዶክተሯ ግን አላቆመችም፤ ምግብ የምታበስይው በምን ነበር አለቻት። በእንጨት፣ በኩበት፣ በከሰል። ስንት ዓመት? «ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ነዋ» አለች እማዬ። ማድ ቤቱ መስኮት ነበረው? አልነበረውም። ለሠርግና ለተዝካር ጭምር ለመንደሩ ትጋግር ነበር። በኋላ የትንፋሽ ምርመራ ሲደረግላት፣ ሳንባዋ ላይ ሥር የሰደደ የመተንፈሻ ቱቦ መጥበብ ተገኘ፤ አጫሾችን የሚይዘው ዓይነት ነው። በሕይወቷ ሲጋራ ያልነካች ሴት ሃምሳ ዓመት ጭስ ስትስብ ኖራለች።

እባካችሁ ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ። እናታችሁ ወይም አያታችሁ በምድጃ ጭስ ያረጁ ከሆኑ፣ ሐኪሙ ባይጠይቅም ንገሩት። «አታጨስም» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። አስተርጓሚም አትከልክሏቸው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እንግሊዝኛችሁ ማማሩ አይደለም ቁም ነገሩ፤ እናት ለልጇ የማትናገረው ነገር አለ።

ሦስተኛው ሌሊት ከባዱ ነበር። ስለሱ ብዙ አልጽፍም። በኃይል ኦክስጅን የሚገፋ መሣሪያ ተደረገላት፤ ልቧም ጫናው በዝቶበት እግሯ አበጠ። ነጋ።

ሌላው ትግል ምግብ ነበር። ወተት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሾርባ ይመጣል፤ እማዬ ፊቷን ታዞራለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም እምቢ አለች። እኔ ተለማመጥኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፤ ምንም። በመጨረሻ የንስሐ አባቷ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። «የታመመ ሰው ጾም የለበትም፤ የታዘዘልሽን ብይ፣ ጠጪ፤ እኔ ፈቅጃለሁ» አሏት። ወዲያው «ሾርባውን አምጪው» አለች። አንድ ስልክ! ይህን ሐሙስ ዕለት ባደርገው ኖሮ ቢያንስ ውኃ ጠጥታ ትቆይ ነበር። የጾም ወቅትና የዚህ አገር የቫይረስ ወቅት ይገጣጠማሉ፤ ስለዚህ ገና ሳይታመሙ፣ ጾሙ ሲገባ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩ። ልጅ ሲለምን የማይሰሙ አባቶችና እናቶች ለማን እንደሚሰሙ እናውቃለን።

ቅዳሜ ቤታችን ለመጡት ስምንት ሰዎች በየተራ መደወል ነበረብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ስልክ የለም። ሰማንያ ያለፉት እትዬ እውነትም ማሳል ጀምረው ነበር፤ ልጃቸው በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ወሰዳቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሳይብስባቸው አለፈ። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ልንጠይቅ እንምጣ ያሉትን ሁሉ ባለቤቴ ከለከለ። የተቀየሙን አሉ። እስከ አሁን ያልታረቀን አንድ ቤተሰብ አለ። ይሁን። በምስል ጥሪ ያነጋገሯት ግን አሉ፤ እማዬ ደስ ብሏት ነበር፤ ሥራ ፈትታ ቡና አታፈላ፣ ተነሥታ አትስም።

በስምንተኛው ቀን ኦክስጅን ይዛ ከሆስፒታል ወጣች። ማንም ያልነገረኝን አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጻፍ፤ ምክንያቱም ቤታችንን ልናቃጥል ነበር። እማዬ ጠዋት ስትጸልይ ጧፍ ታበራለች። ቤት በገባች በማግስቱ፣ የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫዋ ላይ እንዳለ፣ ከሥዕለ አድኅኖው ፊት ክብሪት ልትጭር ስትል ደረስኩባት። ኦክስጅን ባለበት እሳት እንደ ነፋስ ነው የሚሄደው። ጧፍ፣ ከሰል፣ ዕጣን፣ የጋዝ ምድጃ፣ ሁሉም ከክፍሉ መውጣት አለበት። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ገዛሁላት፤ «ፈጣሪ ባትሪ ይቀበላል ብለሽ ነው?» እያለች ተቀበለችው።

ማገገሙ ካሰብኩት በላይ ረዘመ። ስምንት ቀን አልጋ ላይ መዋል ለወጣት ምንም አይደለም፤ የአዛውንት ጡንቻ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀልጦ ያልቃል። ከአልጋ ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ እንደ ሕፃን ትይዘኝ ነበር። ኦክስጅኑ በሦስት ሳምንት ተነሣላት፤ ደረጃ ያለ ድጋፍ የወጣችው ግን በፋሲካ ሰሞን ነው። «ትረፍ፣ አትነካኩ» የሚለው የእኛ ርኅራኄ እዚህ ላይ ጎጂ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ በሆስፒታሉ ውስጥ ጀምሮ ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ ጥቂት እርምጃ ትራመድ።

አሁን ወደምጸጸትበት ወደ ኦክቶበሩ ልመለስ። ከመታመሟ ሁለት ወር በፊት መድኃኒት ቤት ወስጄ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አስወግቻታለሁ። የመድኃኒት ባለሙያው «የአርኤስቪም አለ፤ ለዕድሜዋ ይመከራል፤ ዛሬ አብሮ መውሰድ ይቻላል» ብሎኝ ነበር። «ሁለት መርፌ በአንድ ቀን ይከብዳታል፤ ሌላ ቀን» አልኩት። ሌላ ቀን አልመጣም። ከዚያ በኋላ ሰው ሲጠይቀኝ «ክትባቷን ወስዳለች» እል ነበር፤ የትኛውን የሚል አልነበረም።

የአርኤስቪ ክትባት ለአዛውንት በዚህ አገር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ነው። አሁን አሬክስቪ፣ አብሪስቮና ኤምሬዝቪያ የሚባሉ ሦስት ዓይነቶች አሉ። ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ ይመከራል፤ ከ50 እስከ 74 ላሉት ደግሞ የሳንባ፣ የልብ ወይም ሌላ ለከባድ ሕመም የሚያጋልጥ ችግር ካለባቸው። እንደ ኢንፍሉዌንዛው በየዓመቱ የሚወሰድ አይደለም፤ እስከ አሁን ባለው ምክር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተሻለው ጊዜ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ነው፤ ያመለጠው ግን ከዚያ በኋላም ይወስዳል። በአካባቢያችን «መርፌው ራሱ በሽታውን ይሰጣል» የሚል ወሬ አለ፤ ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም። ክንድ ያሳምማል፣ አንድ ሁለት ቀን ያደክማል። በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ጊላን-ባሬ የሚባል የነርቭ ሕመም ስለታየ በሁለቱ ማለትም በአሬክስቪና በአብሪስቮ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል፤ ይህን ደብቄ ውሰዱ አልልም፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። እኔ ግን ሦስተኛዋን ሌሊት አይቻለሁ።

ስለ ክፍያው ደግሞ፣ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአዛውንት ጤና ኢንሹራንስ ያላቸው ሰዎች መድኃኒት በሚሸፍነው በክፍል ዲ በኩል ያለ ክፍያ ያገኙታል። ችግሩ እንደ እናቴ በቅርቡ ለመጡት ነው፤ እዚህ ሠርተው ያልቆዩ አዛውንት በግሪን ካርድ ተከታታይ አምስት ዓመት ካልኖሩ ሜዲኬር አይገቡም። እኛ በመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ በኩል የገዛንላት ሽፋን ነበራት፤ የሚመከሩ ክትባቶችን ያለ ክፍያ ይሸፍናል። ኢንሹራንሱ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ነበር፣ ባለሙያው ፊቴ ቆሞ ነበር። ለጥየቃ የሚመጡ ወላጆች ያሏችሁ ደግሞ የጉዞ ኢንሹራንሱ ክትባትን ይሸፍን እንደሆነ ከመምጣታቸው በፊት አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። የአካባቢያችሁን የጤና ቢሮ ደውሎ መጠየቅ አይከፋም።

እማዬ አገግማ ሐኪሟ ሲፈቅድ ወሰደችው። ታሞ የዳነ ሰውም መውሰድ ይችላል፤ አንድ ጊዜ መያዝ ደግሞ ከመያዝ አያድንም። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑት የሚሰጠው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከፍ ያለ መጠን ያለው እንደሆነ፣ የሳንባ ምች ክትባትም እንዳለ ያወቅሁት በዚያው ሰሞን ነው። አሁን የወሰደችው ሁሉ በስምና በቀን ተጽፎ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። የሰላምታው ነገር በቀላሉ ተፈታ፤ ድሮም ታላላቆቻችን እጅ መንሳት ያውቃሉ፤ እማዬ ክረምት ላይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ትላለች፤ ልጁም ተምሮባታል። የሚያስለው እንግዳ ጭምብል በራችን ላይ ያገኛል።

ባለፈው ኦክቶበር የቡና ማኅበርተኞቿን ሰብስባ አየኋት። ሳሎኑ ሁለት መስኮት ተከፍቷል፤ ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ፈልቷል። ፈንዲሻው ሲዞር የኦክስጅን መለኪያውም አብሮ ይዞራል። እማዬ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ የእያንዳንዳቸውን ቁጥር በልጁ የሥዕል ደብተር ላይ ትጽፋለች። እኚያ እትዬ ጣታቸውን ሲዘረጉ ጥፍራቸው ደማቅ ቀይ ሆኖ አገኘችው። «ይሄማ ይዋሻል፤ ቀለሙን አስለቅቀሽ ነይ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ያለ ዕጣን የተፈላ ቡና ቡና እንዳልሆነ፣ ይህንንም ጽሑፌ ውስጥ እንዳስገባው ነገረችኝ።